ጥንዚዛዋን ማን ሰበራት

ጥር ሃያ ሁለት ቀን ሰኞ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ ጥንዚዛዋ ሞታ ወደ ጋራዣችን መጣች። አራት ሰዎች ከኋላ እየገፏት ላብ በላብ ሆነዋል፤ ሙሉቀን ግን መሪዋን ይዞ ከላይ ተቀምጧል። ገና ከበሩ ሳይገባ፣ መንገድ ላይ የቆመው ሰው ሁሉ እየሰማው፣ «ዘይት አልነበራትም» አለ።

እኔ ጎማ እየለጠፍኩ ነበር። እጄ ቆመ።

ጥንዚዛ የምንላት ባለአራት ጎማ ሞተር ናት። አንድ ፕሮጀክት ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ በጨረታ ከሸጣቸው ዕቃዎች መካከል እትየ ውባለም ናቸው የገዟት። እትየ ውባለም በከተማችን በአርብ ገበያ የከብት መድኃኒት ሱቅ አላቸው። መኪና ወደማይወርድባቸው የቆላ ቀበሌዎች መድኃኒታቸውን የምታደርሰው ጥንዚዛዋ ናት፤ ነጂዋ ሙሉቀን ነው። ስሟን ያወጣላት ድምፅዋ ነው። ሞተሯ ሁለት ምት ስለሆነ እንደ ሌላው ሞተር ዘይት ለብቻው የሚቀመጥበት ቤት የለውም። ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ይደባለቃል፤ ለሃያ ሊትር ቤንዚን ግማሽ ሊትር ዘይት። ሳይደባለቅ ከቀረ ሞተሩ ራሱን በልቶ ይቆማል። የምደባልቀው እኔ ብቻ ነኝ። ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት አዘጋጅቼ በጀሪካን አስቀምጣለሁ።

ስለዚህ ሙሉቀን «ዘይት አልነበራትም» ሲል ስሜን መጥራት አላስፈለገውም።

እትየ ውባለም ከሱቃቸው መጡ። ጥንዚዛዋን ዞረው አዩና ወደ እኔ ተጠጉ።

«እንየው፣ ሐሙስ ዘይቱን ጨምረሃል?»

«ጨምሬያለሁ።»

«ዓይኔን እያየህ ንገረኝ።»

ይህን ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ አልችልበትም። ሰው ፊት ስቆም ዓይኔ ወደ መሬት ይወርዳል። ጫማቸውን እያየሁ «ጨምሬያለሁ» አልኩ።

«ጫማዬ አይደለም የጠየቀህ» አሉ። ከኋላ ያሉት ሳቁ።

ሙሉቀን ከላይ ሳይወርድ ያወራል። «ሁልጊዜ ከኋላዋ የዘይቱ ሰማያዊ ጭስ አለ አይደል? ዛሬ ዳገቱን ስወጣ ዞሬ አየሁ፤ ጭስ የሚባል የለም። ወዲያው ቋ አለችና ቀጥ።»

«የአንዱ ግማሽ ሊትር ዘይት ዋጋ ስንት ነው አሁን?» አለ ከገፊዎቹ አንዱ፣ ማንንም ሳይጠይቅ።

ሌላው ወደ እኔ አየና «ኧረ ጸጉሩ ወዛ ብሏል፤ ተቀብቶት እንዳይሆን» አለ። እንደገና ሳቁ። እኔም አብሬ ለመሳቅ ሞከርኩ፤ ይህ የባሰ ስህተት ነበር። እትየ ውባለም ስስቅ አይተውኛል።

የጋራዡ ባለቤት ጋሼ ይስማው ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቁ። መፍቻ አያያዝ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። «አርብ አባ ወልደማርያም ለገበያ ሲወጡ ነገሩን ይሰሙታል» አሉ። «እስከዚያ ሞተሯ ትፈታ። ጥፋቱ ያንተ ከሆነ ግን እንየው፣ ከዚህ በኋላ እኔ ቤት መፍቻ አትይዝም።»

አባ ወልደማርያም የእትየ ውባለም የነፍስ አባት ናቸው። እኔ የተወለድኩበት ሰፈር ቄሰ ገበዝም እሳቸው ናቸው። በእኛ አገር የተጠረጠረ ሰው ቄስ ፊት መስቀል ይዞ ይምላል። የማለውን ሰው ደፍሮ ሌባ የሚለው የለም። ሲምል የተንተባተበ ሰው ግን አለቀለት። እኔ ደግሞ ሰላምታ ስሰጥ እንኳ እንተባተባለሁ። መሬት የለኝም፤ ትምህርቴም ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም፤ ከሞተር ሌላ የማውቀው ሥራ የለም። ዘይት ሰረቀ የተባለ መካኒክ ደግሞ አርብ ገበያ ቀርቶ መካነ ኢየሱስ ከተማ ቢሄድ ሞተሩን የሚሰጠው አያገኝም።

ማክሰኞ ጠዋት ጥንዚዛዋን ፈታኋት። ጋሼ ይስማው ሌላ ሥራ አልያዙም። በርጩማቸውን አምጥተው አጠገቤ ተቀመጡና እጄን ማየት ጀመሩ። ሦስት ዓመት አብሬያቸው ስሠራ እጄን እንደዚያ አይተውት አያውቁም።

የሞተሩን ራስ፣ ቴስታታውን፣ አነሳሁ። ሲሊንደሩን አወጣሁ። የፒስተኑ ቀሚስ ተሰንጥቋል፤ ፒስተኑን የሚከበው ፋሻ ለሦስት ተሰብሯል። ከታች የፒስተኑን ዘንግ፣ ቢየላውን፣ የሚይዘው ኩሽኔታ ተሰባብሮ ጥራጊ ሆኗል። ጣቴን ወደ ታች አስገብቼ ሳወጣው ግን በዘይት እርሷል።

«ጋሼ፣ ይዩት። ዘይት አለ።»

ጣቴን አዩት።

«ዘይት ያጣ ሞተር ፒስተኑ ይቧጨራል» አልኩ። እንዲህ ያለ ረጅም ነገር ስናገር ድምፄ ይቀጥናል። «ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር ይነካከሳል። ይኼ አንድ ጭረት የለበትም። ይኼ ከልክ በላይ ዞሮ የተበታተነ ነው። ነዳጅ ተሰጥቷት፣ ተሰጥቷት፣ የሚከብዳት ነገር ሳይኖር ስትጮህ የቆየች ሞተር ናት።»

ጋሼ ይስማው ጢማቸውን አሹ። «ሊሆን ይችላል። ግን ጥንዚዛዋ ትናንት እዚህ ነው ያደረችው። ቁልፉ ያለው እኔና አንተ ጋር ነው። በእሳት ሰጪው በካንዴላው ቀዳዳ ትንሽ ዘይት ማንቆርቆር ለማንም አይከብድም።»

«እኔ አላደረግሁም።»

«አደረግህ አላልኩም። እትየ ውባለም ይላሉ ነው የምልህ።»

ሥራዬን ቀጠልኩ፤ ቀጥሎ ያየሁትን ግን አልነገርኳቸውም።

መቀመጫው ሥር፣ እሳቱን የሚያቀጣጥል አንድ ጥቁር ሳጥን አለ። ከሳጥኑ ከሚወጡት ሽቦዎች አንዷ የዙር ገደብ ናት። ሞተሩ ከልክ በላይ ሊዞር ሲል ሳጥኑ በዚያች ሽቦ ምክንያት እሳቱን ለቅጽበት ይቆርጠዋል። ሞተሩ ይንተባተባል፤ ዙሩ ይወርዳል፤ እሳቱ ይመለሳል። ነገሩን ያላወቀ ሰው ሞተሩ የታመመ ይመስለዋል። ያቺ ሽቦ ከመጋጠሚያዋ ተነቅላ፣ ጫፏ በነጭ የቁስል ፕላስተር ተጠቅልሎ አገኘኋት። ነጭ ፕላስተር የሚሸጠው እትየ ውባለም ሱቅ ነው።

ማን እንደነቀላት ወዲያው ገባኝ። ዝም ያልኩትም ለዚሁ ነው። በታኅሣሥ ሙሉቀን «ሳበዛባት ታስላለች፤ ምን ሆና ነው?» ብሎ ጥንዚዛዋን አምጥቶልኝ ነበር። ሰው ስለ ሥራዬ ሲጠይቀኝ ደስ ይለኛል፤ ብዙ ጊዜ የሚጠይቀኝ የለም። መቀመጫውን አንስቼ ሳጥኑን አሳየሁት። ሽቦዋን በጣቴ ነካሁለት። «ይቺ ናት ልጓሟ፤ እሷን የነቀልክ ቀን ሞተሯ አለቀላት» አልኩት። እሱ ግን የሰማው «ይቺን ነቅለህ ሂድ» እንዳልኩት አድርጎ ኖሯል።

ስለዚህ ሽቦዋን ባሳይ ሙሉቀን «ያስተማረኝ እንየው ነው» ይላል። እውነቱን ነው። አንደኛውን ጥርጣሬ ሳወልቅ ሁለተኛውን ልለብስ ነው።

በመጨረሻ የአየር ፊልትሮውን አወጣሁ። ጥር ላይ የእኛ አገር መንገድ አቧራ ስለሆነ አቧራ ጠብቄ ነበር። ያገኘሁት ግን እብቅ ነው። ስፖንጁን ጥቅጥቅ አድርጎ ሞልቶታል። የገበሬ ልጅ ስለሆንኩ እብቅ አይቼ የማን እንደሆነ አውቃለሁ። የገብስ ቢሆን ይወጋል። የሽምብራ ገለፈት የተነፋ ነው። ይህ ትናንሽ፣ ጠፍጣፋ፣ እንደ ሕፃን ጥፍር የሳሳ ነበር። ከሳጥኑ ግርጌ ሁለት ፍሬ ምስር አገኘሁ።

«ምንድን ነው?» አሉ ጋሼ ይስማው።

«ምስር።»

«ከአህያ ጭነት የወደቀ ይሆናል።»

«ይሆናል» አልኩ። ሁለቱን ፍሬዎች ግን ከእብቁ ጋር በጋዜጣ ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩ። ጋሼ ስከት አዩኝ።

ምስር የሚወቃው አውድማ ላይ ነው። ጥንዚዛዋ አውድማ ላይ ምን አደረገች? ዘንድሮ በእኛ በኩል ምስር የዘራ ሰው እምብዛም የለም፤ አምና በሽታ መትቶት ስለነበር ሁሉም ፈራ። እኔ የማውቀው አንድ ማሳ ብቻ ነው። በመስከረም የሰፈሩ ወጣት በደቦ ወጥቶ ሲያርመው እኔም አብሬ ነበርኩ። የአባ ወልደማርያም ማሳ ነው።

ይህን ሳስብ ራሴን ጠረጠርኩ። ሰው ሲጨንቀው የሚያየው ነገር ሁሉ እንደሚፈልገው ይሆንለታል ይባላል። ሄጄ በዓይኔ ማየት ነበረብኝ።

ረቡዕ እናቴን ልጠይቅ ብዬ ፈቃድ ወሰድኩና የአንድ ሰዓት መንገድ በእግሬ ሄድኩ። የአባ ወልደማርያም አውድማ ከጉብታው ጀርባ ነው፤ ከሰፈሩ አይታይም። በእበት ተለቅልቆ የደረቀ ነው። ምርቱ ገብቷል፤ አውድማው ተጠርጓል። ዳሩ ላይ ግን፣ መጥረጊያ በደንብ ባልደረሰበት፣ የጥንዚዛዋ ጎማ እንደ በቆሎ ራስ የተደረደረ ጥርሱን እበቱ ላይ አትሞ ሄዷል። አንድ ቦታ ላይ ጎማው ቆሞ ሲሽከረከር ልቅላቂውን ቆፍሮ አፈር አውጥቷል። ጎንበስ ብዬ እያየሁ ሳለ የአባ ባለቤት፣ እማማ ላቀች፣ ከኋላዬ መጡ።

«አንተ እንየው ነህ? ምን ጠፋብህ?»

«ምንም፤ ወደ እናቴ እየሄድኩ ነው። ምርቱ በደህና ገባ?»

«ገባልን። ተመስገን። ቅዳሜ ነው የወቃነው።»

መቼ እንደወቁት አልጠየቅኋቸውም ነበር። ቤት አስገብተው ጠላ ቀዱልኝ። እሳቸው አልተቀመጡም።

«በበሬ እኮ ነው» አሉ ትንሽ ቆይተው። «ያን ደመና ሳይ ነፍሴ ነው የወጣችው። ምስር ክምር ላይ ዝናብ ከዘነበ ምን ይተርፋል? ወዲያ ወዲህ ብለን አተረፍነው።»

«ደመናው እሑድ አልነበረም እንዴ?» አልኩ። ላጠምዳቸው ብዬ አይደለም፤ አፌ አምልጦኝ ነው። እሑድ ከሰዓት አርብ ገበያ ላይ ሰማዩ ጠቁሮ ጥቂት ጠብታ ጥሎ ነበር።

ጽዋዬ ሙሉ ነበር፤ እማማ ላቀች እንደገና ቀዱበትና መሬት ፈሰሰ።

እሑድ ጥር ሃያ አንድ ነበረ፤ አስተርእዮ ማርያም። ሰንበትም በዓልም ገጥመው የዋሉበት ቀን። በዚያ ቀን እንኳን መውቃት እንጨት መፍለጥ አይታሰብም። አባ ወልደማርያም ደግሞ በሰፈሩ በዓል የሻረ ሰው ሲገኝ ስሙን ከነአባቱ ጠርተው በአደባባይ የሚገሥጹ ሰው ናቸው። አምና አንድ ጎረቤታቸው በሚካኤል ቀን አጥር በማጠሩ ሦስት ሳምንት ቤተ ክርስቲያን ደጅ አስቁመውታል።

ስወጣ አባ ራሳቸው በሩ ላይ ተቀበሉኝ። መስቀል ተሳለምኩ።

«ምን አመጣህ?»

«እናቴን ልጠይቅ ነው አባ።»

«የእናትህ ቤት ማዶ ነው።» በአውድማው በኩል ወዳለው ጉብታ አዩ፤ ከዚያ ወደ እኔ። «የውባለምን ነገር ሰምቻለሁ። ዘይቱን ወስደህ ከሆነ ለእኔ ለብቻዬ ንገረኝ። ሰው ፊት ሳትዋረድ እጨርሰዋለሁ።»

«አልወሰድኩም።»

«እንግዲያስ አርብ ትምላለህ። የማስምልህ እኔ ነኝ።»

መንገድ ላይ የተናገሩትን እየደጋገምኩ አሰብኩት። ሊያድኑኝ ነው ወይስ አፌን ሊዘጉኝ? ድምፃቸው የሚያስፈራራ ሰው ድምፅ አልነበረም። ይህም አላሳረፈኝም።

ሐሙስ ሙሉቀንን ለብቻው አገኘሁት። እትየ ውባለም ሱቅ ደጃፍ ሳጥን ላይ ተቀምጦ ስልኩን ይነካካል።

«እሑድ የት ነበርክ?» አልኩት።

«አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ሰው የምትጠይቅ? በዓል ነዋ፤ ዝክር በልቼ ተኛሁ።»

«ጥንዚዛዋስ?»

«እሷ አልበላችም፤ ጦመኛ ናት።» በራሱ ቀልድ ሳቀ። እኔ አለመሳቄን ሲያይ ስልኩን ኪሱ ከተተ። «ስማ እንየው። ሽቦዋን አይተሃል አይደል? አየሁ ካልክ ያሳየኝ እሱ ነው እላለሁ። አሳይተኸኛል ወይስ አላሳየኸኝም?»

«አሳይቼሃለሁ።»

«በቃ። ለአንተም ለእኔም ዘይቱ ይሻላል። ዘይት ረሳሁ ብትል ሰው ይቅር ይልሃል። ሌላው ነገር ግን እኔና አንተ የማንችለው ሰው አለበት።»

«ማን ነው?»

ሙሉቀን ተነስቶ ሱቁ ውስጥ ገባ።

አርብ ገበያው እንደሞላ፣ እትየ ውባለም ሱቅ ጀርባ ባለችው ግቢ ተቀመጥን። አባ ወልደማርያም ወንበር ላይ፣ እትየ ውባለም አጠገባቸው፣ ጋሼ ይስማው አግዳሚው ላይ፣ ሙሉቀን ግድግዳ ተደግፎ። ከገበያ የመጡ አምስት ስድስት ሰዎች በሩን ሞልተው ቆመዋል። አንዱ በግ ይዟል፤ በጉ ይጮሃል።

እትየ ውባለም ነገሩን አጭር አድርገው ተናገሩ። «እኔ ማንንም አልከሰስኩ አባ። ዘይት የሚጨምረው ይኼ ልጅ ነው፤ ዘይት አልነበረም ይባላል። ይማልልኝና ልረፍ።»

አባ መስቀላቸውን ከደረታቸው አወጡ። «እንየው፣ ቅረብ። ዘይቱን እንደ ደንቡ ጨምረህ ከሆነ ይህን ይዘህ ማል።»

ቀረብኩ። ሰው ሁሉ እጄን ያያል፤ መዳፌን በሱሪዬ ጠረግሁና መስቀሉን ያዝኩ። በሩ ላይ አንዱ «እየፈራ ነው» ሲል ሰማሁ።

«እምላለሁ» አልኩ። ቃሉ ግማሽ ላይ ተሰበረና እንደገና አልኩት። «ዘይቱን እንደ ደንቡ ጨምሬያለሁ። ይህ መስቀል ይፍረድብኝ።» መስቀሉን ሳምኩ። እዚያ ላይ ላበቃ እችል ነበር። ግን የእትየ ውባለምን ፊት አየሁት፤ አላመኑኝም። መሐላዬን እንደ አንድ ተጨማሪ ውሸት ነው የቆጠሩት።

«ሙሉቀንም እሑድ የት እንደዋለ ይማል» አልኩ።

ሙሉቀን ከግድግዳው ተላቀቀ። እኔን አላየም፤ እትየ ውባለምንም አላየም። ያየው አባን ነው። እትየ ውባለም ይህን አዩ።

«ምን አገናኘው?» አሉ እትየ ውባለም።

«ያሳየኸኝ አንተ ነህ» አለ ሙሉቀን ቶሎ ብሎ። «ሽቦውን ያሳየኝ እሱ ነው።»

«እውነቱን ነው» አልኩ። «የዙር ገደቧን ሽቦ በታኅሣሥ አሳይቼዋለሁ። አትንካት ብዬዋለሁ፤ ግን አሳይቼዋለሁ። ሽቦዋ ተነቅላ ማክሰኞ አይቻታለሁ፤ ከጋሼም ደብቄያለሁ። ይህ የእኔ ጥፋት ነው።» ከዚያ ጋዜጣውን ከኪሴ አወጣሁና አባ ጉልበት አጠገብ መሬት ላይ ዘረጋሁት። «ይህ ደግሞ ከአየር ፊልትሮዋ የወጣ ነው። የምስር እብቅ ነው።»

በጉን የያዘው ሰው አንገቱን አስረዘመ። «ምስር? ዘንድሮ ምስር የዘራው እኮ...» አለና ዝም አለ። ጎኑ የቆመው በክርኑ ጎስሞታል።

አባ ወልደማርያም ጎንበስ ብለው አንዷን ፍሬ አነሱ። በሁለት ጣታቸው ይዘው ወደ ብርሃን አቀረቧት። ሊጥሏት ይችሉ ነበር፤ «ምስር የትም አለ» ሊሉ ይችሉ ነበር፤ ማንም አይከራከራቸውም። እኔም አልከራከራቸውም ነበር።

«በሬ አልጠመድኩም» አሉ።

ፍሬዋን ጋዜጣው ላይ መልሰው አስቀመጡ።

«ደመናውን ሳይ ልቤ ራደ። የዓመት ልፋት ነው። በሬ ብጠምድ በዓል ሻርኩ። ሰው ብጠራ ሰው አስበደልኩ። ሙሉቀን ጥንዚዛዋን ይዞ በዚያ ሲያልፍ አየሁትና ጠራሁት። ሞተር ነፍስ የለውም፤ በዓል አያውቅም፤ ክምሩ ላይ ጥቂት ይዙርልኝ አልኩ። ዞረ።»

«አባ» አሉ እትየ ውባለም ቀስ ብለው፣ «እኔ ንስሐ የምገባው እርስዎ ዘንድ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ይኼን ልጅ ሊያስምሉ የተቀመጡት ምን ብለው ነው?»

አባ መስቀሉን ወደ ደረታቸው መለሱ። «ዘይት ነው ሲሉ ሰማሁ፤ አመንኩ። ሞተሯን እኔ የጎዳኋት አልመሰለኝም። ምን ጫንኩባት? አንድ ቁና አልጫንኩባትም። ባዶዋን ስትዞር ነው የዋለችው። በሬ ባዶውን ሲሄድ ያርፋል እንጂ ይሞታል?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። የሚመልስ ሌላ ሰው አልነበረም።

«ሞተር እንደ በሬ አይደለም አባ» አልኩ። «ሸክም ዙሩን ይይዝለታል። ገለባ ላይ ጎማው ይንሸራተታል፤ መሬት አይጨብጥም። የሚይዘው ሲያጣ ዙሩ ይወጣል፣ ይወጣል። ያኔ ገደቡ እሳቱን እየቆረጠ ያድነዋል። ሲንተባተብ ታምሞ አይደለም፤ ራሱን እያዳነ ነው። ሽቦው ሲነቀል ግን የሚያቆመው የለም። እሑድ ነው የተሰበረችው፤ ሰኞ ዳገቱ ላይ የቆመችው ስብራቱ ሲጨርሳት ነው።»

እንዲህ ያለ ብዙ ቃል በአንድ ጊዜ ሰው ፊት ተናግሬ አላውቅም።

«አምስት ጊዜ ተንተባተበችብኝ» አለ ሙሉቀን፣ መሬት መሬት እያየ። «አባ ፊት አሳፈረችኝ። ጎበዝ ነጂ ነኝ ብያቸው ነበር። ፕላስተር ነበረኝ። ነቀልኳት። ከዚያ በኋላ እንዴት እንደጮኸች... ደስ አለኝ፤ የዳነች መሰለኝ።»

«ጭሱስ?» አሉ ጋሼ ይስማው። «ጭስ አልነበረም ያልከው?»

«ጭስ ነበረ።»

በሩ ላይ ከቆሙት አንዱ «ማርያምን፣ በማርያም ቀን» አለና ሊስቅ ሲል የአባን ፊት አይቶ ተወው።

አባ ወልደማርያም ተነሱ። «ልጁ ንጹሕ ነው» አሉ፣ በሩ ላይ ላሉት ሁሉ እንዲሰማ። «ይህን የሰማችሁ ገበያው ውስጥ ንገሩ። የእኔንም ንገሩ፤ ሳታጎድሉ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደግሞ ራሴ እናገራለሁ።» ወደ እትየ ውባለም ዞር ብለው ሌላ ነገር ሊሉ ፈልገው ነበር፤ እትየ ውባለም ግን ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ሱቃቸው ገቡ።

ጋሼ ይስማው አብረን ስንመለስ ጋራዡ በር ላይ ቆም አሉ። «ዘይቱን አልሰረቅህም፤ ደግ። ሽቦዋን ግን ዓይኔ ሥር ሆነህ ደበቅኸኝ።»

«ፈርቼ ነው።»

«ፈርተህ እንደሆነ አውቃለሁ። ነገ ሌላ ነገር ብትፈራስ?»

መልሴን ሳይጠብቁ ወደ ውስጥ ገቡ።

ፒስተኑና ኩሽኔታው ከአዲስ አበባ የመጡት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ገጣጠምኳት። እትየ ውባለም መጥተው ድምፅዋን ሰሙና ቁልፏን አውጥተው ለሙሉቀን ሳይሆን ለእኔ ሰጡኝ። «ጠዋት ጠዋት ካንተ ይቀበላል፤ ማታ ላንተ ይመልሳል» አሉኝ። ይቅርታ አልጠየቁኝም፤ የሰጡኝ ግን ከዚያ የሚተናነስ አልነበረም።

በማግስቱ ሙሉቀን እጁን ዘርግቶ መጣ።

«ቁልፍ።»

«የት ነው የምትሄድ?»

«ቆላ፤ የበግ መድኃኒት አለ።»

«በየት በኩል?»

«በሚያስኬደው በኩል ነዋ። ፖሊስ ሆንክ እንዴ?»

መቀመጫውን አንስቼ ሽቦዋን አየሁ። የፊልትሮውን ክዳን ከፍቼ አየሁ። ሙሉቀን ትከሻውን ሰብቆ ሲጠብቅ ቆየ፤ የሚቀልድበት ነገር አላገኘም። ቁልፉን ሰጠሁት።

ጥንዚዛዋ ከገበያው ወጥታ ወደ ቁልቁለቱ ታጠፈች። ጋሼ ይስማው ከውስጥ «ጎማው ይጠብቅሃል» ብለው ጠሩኝ። «መጣሁ» አልኩ፤ ግን አልሄድኩም። በሩ ላይ ቆሜ ድምፅዋን እያዳመጥኩ ነበር፤ ከታች ከመንደሮቹ በኩል፣ በሆነ ቦታ ላይ፣ ዙሯ ከልክ በላይ ይወጣ እንደሆነ።